ቺንኮቲግ ደሴት ላይ የት እንደር?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። በኦገስት አጋማሽ ከሁለት ልጆቻችን (የ9 እና የ13 ዓመት) እንዲሁም ከኢትዮጵያ ከመጣችው እናቴ ጋር ለአራት ሌሊት ወደ ቺንኮቲግ ለመሄድ አስበናል። የምንፈልገው ብስክሌት መንዳት፣ ካያክ መቅዘፍ፣ ወፎችንና የዱር ፈረሶቹን ማየት ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ፍልሰታንም ትጾማለች። አራት ምርጫ አግኝተናል፦ ዋናው መንገድ ላይ ‹ውሃ ዳር› የሚል ውድ ሆቴል፣ በደሴቱ ደቡብ ጫፍ በሳምንት የሚከራይ ቤት፣ ‹ቺንኮቲግ› ተብሎ የተመዘገበና ከሁሉም የረከሰ ሆቴል፣ ካልሆነም ፈረሶቹ ባሉበት ባሕር ዳርቻ ድንኳን መትከል። ባለቤቴ ‹የውቅያኖስ ሞገድ እየሰማን ካልተኛን ምን ዋጋ አለው› ይላል። ትንሽ ውሻም አለችን። የቱን እንምረጥ?»

ምላሽ፦ ከባለቤትዎ ምኞት እጀምራለሁ፤ የቀረው ውሳኔ ሁሉ የሚንጠለጠለው በእሱ ላይ ነውና። ቺንኮቲግ ላይ የውቅያኖስ ሞገድ እየሰሙ የሚተኙበት ሆቴልም ሆነ የኪራይ ቤት የለም። ጉዳዩ የገንዘብ ሳይሆን የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ቺንኮቲግ ሰባት ማይል ያህል የሚረዝም፣ ወርዱ አንድ ማይል ተኩል ገደማ የሆነ ትንሽ ደሴት ሲሆን፣ በእሱና በአትላንቲክ መካከል አሳቲግ የሚባል ሌላ ደሴት ተጋድሟል። አሳቲግ 37 ማይል ርዝመት ያለው የአሸዋ ደሴት ነው፤ የውቅያኖሱን ምት የሚቀበለው እሱ ነው። ቺንኮቲግ ከእሱ ጀርባ ተከልሎ፣ በሰርጥና በጨው ረግረግ ተከቦ የተቀመጠ፣ ዓሣና ኦይስተር በማጥመድ የኖረ ከተማ ነው፤ ነዋሪውም ከ3 ሺህ ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ከተማው ውስጥ ‹ውሃ ዳር› የሚል ማስታወቂያ ሲያነቡ፣ የሚባለው ውሃ ጸጥ ያለው ሰርጥ መሆኑን ይወቁ። ጀልባ ሲመላለስበት ያያሉ፣ ምዕራባዊው ዳር ላይ ከሆኑ ፀሐይ ስትጠልቅ እጅግ ያምራል፤ ሞገድ ግን አይሰሙበትም፣ ከበረንዳው ወርደውም አሸዋ አይረግጡበትም።

ታዲያ በአሳቲግ ላይ ለምን ማንም ሆቴል አልሠራም ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ደሴቱ በሁለት ግዛቶች ይከፈላል፤ ደቡቡ የቨርጂኒያ፣ ሰሜኑ የሜሪላንድ ነው። የቨርጂኒያው ክፍል ከ1943 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዱር እንስሳት መጠለያ ሆኖ ተከልሏል። የሜሪላንዱ ክፍል ግን ለመዝናኛ ቤቶች ተሸንሽኖ መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ በማርች 1962 የመጣው ታላቅ አውሎ ነፋስ መንገዱንም ጅምር ቤቶቹንም ጠራርጎ ስለወሰደ ሐሳቡ ቀረና፣ በ1965 ቦታው ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ ሆኖ በሕግ ተጠበቀ። ዛሬም ቢሆን አሸዋው ይንቀሳቀሳል፤ በቨርጂኒያ በኩል ያለው የባሕር ዳርቻው መኪና ማቆሚያ ራሱ በማዕበል እየተቀበረና እየተጠረገ ደጋግሞ ተሠርቷል። ዳርቻው ባዶና ጸጥ ያለ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሆቴል ቢኖርበት ኖሮ እርስዎም ሊያዩት የሚጓጉለት ነገር ባልቀረ ነበር። በቨርጂኒያው ክፍል ማደር የተከለከለ ነው፤ መጠለያው ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ነው ክፍት የሚሆነው ብዬ በእኛ አቆጣጠር ብጽፍ ግር ስለሚያሰኝ፣ ከዚህ በኋላ ሰዓቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአሜሪካ አቆጣጠር ነው፦ ከጠዋት 5 እስከ ማታ 10።

ድንኳኑም እንግዲህ እዚሁ ላይ ይወድቃል። አሳቲግ ላይ ድንኳን መትከል የሚፈቀደው በሜሪላንድ በኩል ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለቱ ክፍሎች አንድ ደሴት ስለሆኑ በመኪና ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍ እየመሰለው ነው። በደሴቱ ላይ ሁለቱን የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም፤ ወደ ዋናው ምድር ወጥቶ፣ ዞሮ፣ በሌላው ድልድይ መግባት ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። በሜሪላንድ ድንኳን ተክሎ ቺንኮቲግን ለመጎብኘት ማሰብ ማለት በየቀኑ ከሁለት ሰዓት በላይ መኪና ውስጥ መቀመጥ ማለት ነው። በብሔራዊው ባሕር ዳርቻ የድንኳን ሥፍራዎች መታጠቢያው ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ መጸዳጃው የኬሚካል ነው፤ ጥላ የለም ማለት ይቻላል፤ የተለመደው አጭር የድንኳን ካስማም አሸዋ ላይ አይዝም። ቦታው አስቀድሞ ይያዛል፤ ለኦገስት አጋማሽ አሁን ክፍት የሚያገኙት የተሰረዘ ካለ ነው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ይህን አልመክርም። ባለቤትዎ ሞገዱን እየሰማ መተኛቱን የግድ ካለ፣ ከ13 ዓመቱ ልጅ ጋር በኦክቶበር አንድ ቅዳሜ ሌሊት ለብቻቸው ይሂዱ፤ ያን ጊዜ ትንኙም ሙቀቱም ቀንሶ ስለሚሆን የተሻለ ያገኙታል።

ስለ ፈረሶቹም አንድ ነገር መታረም አለበት። በሜሪላንድ በኩል ያሉት በነጻ እየዞሩ ድንኳን ድረስ ይመጣሉ፤ ምግብ የያዘ ማቀዝቀዣ ሣጥን ከፍተው ሲበሉ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። በቨርጂኒያ በኩል ያሉት ግን የቺንኮቲግ በጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ቡድን ንብረት ናቸው፤ ቁጥራቸው ከ150 አዋቂ እንዳይበልጥ ተወስኖ፣ በሰፊው በታጠረ ረግረግ ውስጥ ነው የሚግጡት። ስለዚህ ከየትኛውም ሆቴል በረንዳ ላይ ሆነው አያዩአቸውም፣ ዋና በሚዋኙበት ዳርቻም አያገኟቸውም። የሚታዩት ከመንገዱ ዳር በሩቁ፣ ከጫካው መንገድ ላይ ከተሠራው መመልከቻ ወይም ከውሃው ላይ ነው። ለእናትዎ የሚበጀው ሦስተኛው ነው፤ ከከተማው የሚነሡ ትናንሽ ጀልባዎች በሁለቱ ደሴቶች መካከል ባለው ሰርጥ እየቀዘፉ ሳይሆን በሞተር ቀስ ብለው ረግረጉ ጫፍ ድረስ ይወስዳሉ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት ይቻላል። በየትኛውም በኩል ቢያገኟቸው ቢያንስ 40 ጫማ ይራቁ። የጋሪ ፈረስ እየዳሰሰ ያደገ ሰው እነዚህንም መዳሰስ ያምረዋል፤ ይነክሳሉ፣ ይራገጣሉ፣ ቅጣትም አለው።

አሁን ወደ ማረፊያው ልመለስ። በኦገስት በዚያ ደሴት ላይ ከቤት ውጭ የሚውል ሰው ቀኑ በሦስት ይከፈላል። ከንጋት እስከ 10 ሰዓት አየሩ ቀዝቀዝ ያለ፣ ወፉ የሚታይበት፣ ብስክሌት የሚነዳበት ጊዜ ነው። ከ11 እስከ 3 ፀሐዩና ወበቁ ይከብዳል፣ ሰው ወደ ማረፊያው ተመልሶ ያርፋል። ከ4 ሰዓት በኋላ ደግሞ እንደገና ይወጣል። አንድ ቤተሰብ በቀን ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ይሄዳል ማለት ነው። ልጆች ሲጨመሩበት ሦስተኛም አይቀርም፤ አንዱ ጫማውን ረስቷል፣ አንዱ ዋና ልብሱ አሸዋ ሞልቶ ያሳክከዋል። ስለሆነም እዚህ ቦታ ማረፊያ የሚመረጠው በመስኮቱ እይታ ሳይሆን ወደ አሳቲግ ከሚያሻግረው ድልድይ ባለው ርቀት ነው። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አሥራ ሁለት ሰው ይዤ ስሄድ፣ ዋጋው ስለማረከኝ ሁሉንም ዋናው ምድር ላይ ባለ ሆቴል አሳደርኳቸው። ፀሐይ ስትወጣ ዳርቻው ላይ ቡና እንጠጣለን ብዬ ነበር፤ የመጨረሻው ሰው መኪና ውስጥ ሲገባ ፀሐይዋ ከወጣች ቆይታለች፣ ዳርቻው ስንደርስም ቡናው በርዷል። በሦስቱም ቀን ቀትር ላይ ‹ለትንሽ ሰዓት ብለን ይህን ሁሉ መንገድ አንመለስም› እያሉ በፀሐይ ሲቃጠሉ ዋሉ።

ያገኙት ርካሽ ሆቴልም ከዚሁ ዓይነት እንደሚሆን እገምታለሁ። ፍለጋው ላይ ‹ቺንኮቲግ› ብለው ሲጽፉ የሚወጣው ዝርዝር ዋናው ምድር ላይ ያሉትን ኒው ቸርችን፣ ኦክ ሆልን፣ አንዳንዴ ሜሪላንድ ውስጥ ያለችውን ፖኮሞክን ሁሉ ይጨምራል። ካርታውን ከፍተው ሆቴሉ በረግረጉ ላይ ከተዘረጋው ረጅም መንገድ፣ ማለትም ከ175 ቁጥር መንገድ ድልድይ፣ ወዲህ ነው ወዲያ የሚለውን ይመልከቱ። ወዲህ ከሆነ እስከ አሳቲግ መግቢያ በአማካይ 25 ደቂቃ ይቁጠሩ፤ በቀን ሁለት ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይሆናል፤ በአራት ቀን ከስድስት ሰዓት በላይ። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ብስክሌቱ ዋጋ ማጣቱ ነው፤ ያንን መንገድ ከልጅ ጋር በብስክሌት ማቋረጥ አይታሰብም። የሚያተርፉት ገንዘብ ይህን አይክስም።

በደቡብ ጫፍ ያለው የሳምንት ቤት በፎቶ ከሁሉም የሚያምረው ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ቤተሰብ ሆናችሁ ሳምንቱን ሙሉ ብትቆዩ ኖሮ እሱን እመርጥ ነበር። ለአራት ሌሊት ግን አይሆንም። በበጋ አብዛኞቹ ቤቶች ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ እንጂ በቀን አይከራዩም፤ አራት ሌሊት ተኝተው የሰባት ይከፍላሉ፤ በዚያ ላይ የጽዳት ክፍያ፣ የአገልግሎት ክፍያና ግብር ይጨመራል፤ ስለዚህ የሚያወዳድሩት ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን የሌሊት ዋጋ ሳይሆን በመጨረሻው ገጽ ላይ የሚወጣውን ድምር ይሁን። ሁለተኛው ምክንያት ደረጃ ነው። ደሴቱ ዝቅተኛ ስለሆነ አዳዲሶቹ ቤቶች የባሕር ሙላት እንዳይገባባቸው በእንጨት ምሰሶ ላይ ከፍ ተደርገው ነው የሚሠሩት። በፎቶው ላይ ሰፊው በረንዳ እንጂ ወደ በረንዳው የሚያወጣው አሥራ አምስት ደረጃ አይታይም። እናትዎ በቀን ስንት ጊዜ ሊወጡትና ሊወርዱት እንደሚችሉ እርስዎ ያውቃሉ። ከዚያም ከደቡብ ጫፍ እስከ አሳቲግ ድልድይ ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ የ9 ዓመቱን ልጅ ከመኪና ጋር እየተጋፋ እንዲነዳ አልፈቅድለትም።

ዋናው መንገድ ላይ ያለው ውድ ሆቴል መጥፎ አይደለም። እይታው ለምዕራብ ስለሆነ ማታ ማታ ሰርጡ ወርቅ ይመስላል፤ ነፋስ ስለሚያገኘውም ትንኙ ከሌላው ሠፈር ይቀንሳል፤ ከአሳቲግ ድልድይም የሁለት ማይል ገደማ ብቻ ነው የሚርቀው። ይሁን እንጂ የሚከፍሉት ለእይታውና በእግር ለሚደረስባቸው ምግብ ቤቶች ነው። እይታው በሚያምርበት ሰዓት እናንተ አሳቲግ ላይ ናችሁ፤ ምግብ ቤቶቹም በአብዛኛው የኦይስተር፣ የክራብና የሽሪምፕ ቤቶች ስለሆኑ በፍልሰታ ለእናትዎ የሚሆን ከሰላጣና ከድንች በቀር እምብዛም አያገኙባቸውም። ያለ ልጅ፣ ያለ ጾም፣ ለሁለት ሌሊት የሚመጡ ባልና ሚስት ቢጠይቁኝ ወደዚያው እልካቸዋለሁ።

ለእናንተ የምመክረው ከዘረዘሯቸው አራቱ ውስጥ የለም። ማዶክስ ቡልቫርድ የሚባለው መንገድ ከከተማው ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ አሳቲግ ይሄዳል፤ የዚህ መንገድ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ወደ ድልድዩ የሚቀርበው ክፍል፣ ትናንሽ ሞቴሎችና ማብሰያ ያላቸው ክፍሎች የሚያከራዩ ማረፊያዎች አሉት። ከእነዚህ በአንዱ መሬት ላይ ያለ፣ መኪናው በሩ ድረስ የሚቆምለት፣ ማቀዝቀዣና ምድጃ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ይያዙ። መልኩ የሚያስደምም አይሆንም። ነገር ግን ልጆቹ ከበሩ ላይ ብስክሌት ተፈናጥጠው፣ በመንገዱ ዳር ባለው የብስክሌት መስመር፣ ድልድዩን ተሻግረው መጠለያው ውስጥ ይገባሉ። መሬቱ ሜዳ ነው፣ ዳገት የሚባል የለውም፤ እስከ ውቅያኖሱ ድረስ ሦስት ማይል ያህል ቢሆን ነው። በመኪና የሚገባ ሰው የመግቢያ ይከፍላል፤ በብስክሌትና በእግር የሚገባ ግን አይከፍልም። በበጋ ቅዳሜና እሑድ የዳርቻው መኪና ማቆሚያ ሲሞላ መኪና ወጥቶ መኪና እስኪገባ ሰው በሙቀት ተሰልፎ ይቆማል፤ ባለብስክሌት በአጠገቡ ያልፋል።

ከድልድዩ ቅርብ መሆን ከሁሉ በላይ የሚክሰው በአንድ ቦታ ነው። መጠለያው ውስጥ ኩሬውን የሚዞር 3.2 ማይል የአስፋልት መንገድ አለ፤ እስከ ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ድረስ መኪና አይገባበትም፣ የእግረኛና የብስክሌት ብቻ ነው። በጠዋት ብርሃን ነጫጭ ረጃጅም አንገት ያላቸው ወፎች ከመንገዱ ሁለት እርምጃ ርቀው ዓሣ ሲጠብቁ ያገኟቸዋል፤ ብስክሌቱን አቁሞ ዝም ያለ ልጅ ወፉ ዓሣውን ሲወጋና ሲውጥ፣ ጉሮሮው ላይ እብጠቱ ሲወርድ ያያል። ከ3 ሰዓት በኋላ ደግሞ ያው መንገድ ለመኪና ይከፈታል፤ እናትዎ የጠዋቱ ቢያመልጣቸው ማታ መኪና ውስጥ ሆነው ያዩታል። ጥድ ሥር ትልቁን ግራጫ የዴልማርቫ ሽኮኮም (ስኩዊረል) ይፈልጉት፤ ከመጥፋት ተርፎ ከአደጋ ላይ ካሉ እንስሳት ዝርዝር የወጣው በ2015 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከ1867 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚያበራው፣ 142 ጫማ የሚረዝመው ቀይና ነጭ የመብራት ማማም ከመንገዱ አጭር የእግር ጉዞ ነው።

ይህ ሠፈር ጉድለት የለበትም አልልም። ወደ ረግረጉና ወደ ጫካው ስለሚቀርብ ትንኝ ይበዛበታል። የጨው ረግረግ ትንኝ እንደ ከተማው ትንኝ በየጣሳው የሚራባ አይደለም፤ እንቁላሉን እርጥብ ጭቃ ላይ ይጥላል፣ ከፍ ያለ የባሕር ሙላት ወይም ዝናብ ሲያጥለቀልቀው በሳምንት ጊዜ ውስጥ በአንድ ላይ ይፈላል፣ ከዚያም ብዙ ማይል ይበራል። ስለዚህ አንዱ ሳምንት ምንም የሌለበት፣ ቀጣዩ ደግሞ በር የማያስከፍት ሊሆን ይችላል፤ ማረፊያው ከመነሣታችሁ ሁለት ቀን በፊት ሲደወልለት እውነቱን ይነግራል። በጁላይና ኦገስት ደግሞ በቀን የሚነክስ፣ ዓይኑ አረንጓዴ የሆነ ዝንብ አለ፤ እሱን ከትንኝ መከላከያ ቅባት ይልቅ ረጅም እጅጌና ነፋስ ይከለክለዋል። የመስኮቱ መረብ የተቀደደ እንዳይሆን፣ በረንዳ ካለው በመረብ የተከለለ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። በየምሽቱ የልጆቹን ቁርጭምጭሚት፣ የጉልበት እጥፋትና የፀጉር ሥር ለመዥገር መፈተሽን አይዝለሉ። ሌላው ጉድለት፣ መሬት ላይ ያለ ክፍል የደረጃን ችግር ሲያስቀር የውሃን ስጋት ያመጣል፤ ማዕበል በሚኖርበት ቀን ጎዳናዎቹና መኪና ማቆሚያዎቹ ውሃ ይተኛባቸዋል።

ምድጃውን የግድ ያልኩት ለፍልሰታ ነው። እናትዎ እህል ሳይቀምሱ እስከ ከሰዓት በኋላ የሚቆዩ ከሆነ፣ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል አብረው ወጥተው ቀትሩን በቀዝቃዛ ክፍል እንዲያርፉ ያድርጉ፤ ማረፊያው ቅርብ ሲሆን ይህ የሚያስቸግር አይሆንም። ደሴቱ ላይ ሆስፒታል ስለሌለ መድኃኒታቸው ለአራት ቀን ሳይሆን ለሳምንት ይያዝ። ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ዘይቱን ከቤት ይዘው ይምጡ፤ የጎደለውን መንገድ ላይ ካለችው የሜሪላንድ ከተማ፣ ከሶልስበሪ፣ ይግዙ፣ ከዚያ በኋላ ትልቅ ከተማ የለም። እንጀራው ግን እንደ አሌክሳንድሪያው አይቆይም፤ የባሕሩ እርጥበት በሦስተኛው ቀን ያሻግተዋል፤ ለሁለት ቀን የሚበቃውን ውጭ፣ የቀረውን በረዶ ቤት ያስቀምጡት። ቡናው ደግሞ ቤት ተቆልቶ ይምጣ። ክፍል ውስጥ ቡና መቁላትና ዕጣን ማጨስ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ይጠራል፤ ብዙ ማረፊያዎችም ክፍሉ ጭስ ከሸተተ ሲጋራ እንደተጨሰበት ቆጥረው ቀላል ያልሆነ ቅጣት ከካርድዎ ይቆርጣሉ፤ ‹ዕጣን ነው› ብሎ ማስረዳት ሲያድን አላየሁም።

ውሻዋን ቤት ተዋት፣ ወይም ለዘመድ አደራ ስጧት። ውሻ የሚቀበል ማረፊያ ከተማው ውስጥ አይጠፋም፤ ነገር ግን በቨርጂኒያ በኩል ወዳለው አሳቲግ ውሻ መኪና ውስጥ ተዘግታ እንኳ መግባት አትችልም። ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትውላለች ማለት ነው፤ ያንን ደግሞ አብዛኞቹ ማረፊያዎች ራሳቸው ይከለክላሉ።

ስለ ካያኩ በአጭሩ። የራሳችሁን ጭናችሁ አትምጡ፤ ማረፊያው ማስቀመጫ አይኖረውም፣ ሰርጡንም አታውቁትም። በሁለቱ ደሴቶች መካከል ያለው ውሃ ላዩ ሲታይ የተኛ ይመስላል፣ ነገር ግን ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል እንደ ወንዝ ይነጉዳል፤ ሲጎድል ደግሞ ጀልባው ጭቃ ላይ ይቀራል። ከምሥራቁ ዳር ከሚነሡት አስጎብኚዎች ጋር በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ ይውጡ፤ የሚነሡበትን ሰዓት የሚወስነው የባሕሩ ሙላት ስለሆነ ማረፊያውን ከያዙ በኋላ ወዲያው ይያዙት። ዋናም ቢሆን ጠባቂዎች በቆሙበት ክፍል ብቻ ይሁን፤ ወደ ውስጥ የሚጎትት ሞገድ አለ፤ በሐይቅ የተለማመደ ልጅ አያውቀውም።

ቀኑን በተመለከተ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ይያዙ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በ50 ቁጥር መንገድ የቼሳፒክ ድልድይን መሻገር ሦስት ሰዓት ተኩሉን መንገድ አምስት ያደርገዋል፤ የሳምንቱ መካከልም ዋጋው ይቀንሳል፣ ዳርቻውም ይለቃል። የጁላይን የመጨረሻ ሳምንት ፈጽሞ እንዳያስቡት፤ ረቡዕ ፈረሶቹ ሰርጡን ዋኝተው የሚሻገሩበት በዓል ስለሆነ አልጋው ሁሉ ከዓመት በፊት ይያዛል። ኦገስት የአውሎ ነፋስ ወራት መካከል ነው፤ ስለዚህ ‹የማይመለስ› የሚለውን ርካሽ ዋጋ አይምረጡ፤ ከመድረሻው ቀን ጥቂት ቀናት በፊት ያለ ቅጣት የሚሰረዘውን ይክፈሉ፤ ደሴቱ እንዲለቀቅ ትእዛዝ ቢወጣ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነም በጽሑፍ ያረጋግጡ። ከመክፈልዎ በፊት ስልክ ደውለው የክፍሉን ቁጥርና ከመኪና ማቆሚያው እስከ በሩ ስንት ደረጃ እንዳለው ይጠይቁ፤ ‹የለም› ከተባሉ ይያዙት፣ ‹ጥቂት ነው› ከተባሉ ሌላ ይፈልጉ።